አርዱኮባ፣ አሳልና ጉቤት በአንድ ቀን፦ ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጅቡቲ ከተማ ማልዶ ተነሥቶ የአርዱኮባን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ሜዳ፣ የአሳልን የጨው ሐይቅና የጉቤትን ባሕረ ሰላጤ አይቶ በዚያው ቀን መመለስ ይቻላል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ለንግድ፣ ለሥራ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ጅቡቲ የሚመላለሱ ወገኖች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን ወደቡንና ገበያውን አይተው ይመለሳሉ። የሚከተሉት መልሶች አንድ ትርፍ ቀን ላገኘና ያችን ቀን ከቡድን ጋር ሳይሆን ለብቻው ማሳለፍ ለሚፈልግ ሰው የተጻፉ ናቸው።

ኤርታ አሌና ዳሎል እያሉን ለምን ጅቡቲ ድረስ እንሄዳለን?

ኤርታ አሌንና ዳሎልን የሚተካ ቦታ የለም። የጅቡቲውን ልዩ የሚያደርገው ባሕሩ አብሮ መኖሩ ነው። የአፋር ምድር አንድ ቀን ውቅያኖስ ይሆናል ሲባል ዳናክል ላይ ቆሞ ለሚሰማ ሰው ነገሩ በምናብ ብቻ የሚያዝ ነው፤ ባሕሩ ከዓይን ርቋልና። እዚህ ግን በአንድ በኩል የጉቤት ጥልቅ ሰማያዊ ውሃ አለ፤ በሌላ በኩል ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የአሳል ነጭ ሐይቅ ተኝቷል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ዐሥር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የጠቆረ የላቫ፣ ማለትም ከምድር ሥር ቀልጦ ወጥቶ የረጋ አለት፣ ግድብ ብቻ ነው። ባሕሩ ከደጅ ቆሞ፣ ቤቱ ተዘጋጅቶ፣ በሩ ገና አልተከፈተም።

ሌላው ምክንያት ቅርበቱ ነው። ዳናክል የቀናት ዝግጅትና የመኪና ጓድ ይጠይቃል። አሳል ከጅቡቲ ከተማ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ ሰው፣ አንድ ሹፌርና አንድ መኪና ይበቁታል።

የጅቡቲው አሳልና በዳናክል ያለው አሳሌ አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ ስማቸው ስለሚቀራረብ በጽሑፍም በወሬም ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ። የኢትዮጵያው አሳሌ፣ ካሩም የሚባለው፣ በዳሎል አቅራቢያ ያለው የጨው ሜዳና ሐይቅ ነው፤ ከበረሃሌ አቅጣጫ የሚወርዱት ግመሎች ጨው የሚጭኑት እዚያ ነው። የጅቡቲው አሳል ከዚያ በብዙ ርቀት ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ አጠገብ ይገኛል። ከመላው አፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ይህ የጅቡቲው ነው። በዓለምም ከሙት ባሕርና ከገሊላ ባሕር ቀጥሎ በሦስተኛ ደረጃ ይቆጠራል።

ሁለቱም በአፋሮች ምድር ላይ ናቸው። ከጅቡቲው አሳልም ቢሆን ጨው በግመል ወደ ኢትዮጵያ ሲጋዝ የኖረበት ዘመን ረጅም ነው። ኢትዮጵያና ኤርትራ በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲገቡ በአሰብ በኩል ይመጣ የነበረው ጨው ተቋረጠና የአሳል ጨው በጭነት መኪና ወደ አገራችን መጉረፍ ጀመረ። በአፋር ክልል ያለው የአፍዴራ ሐይቅ የጨው ምርት እየጎለበተ ሲሄድ ያ ንግድ ቀዘቀዘ። በእናቶቻችን ጓዳ የአሳል ጨው ያለፈበት ጊዜ ነበር ማለት ነው።

አካባቢው እንዲህ የሆነው እንዴት ነው? ጂኦሎጂ አላውቅም፤ በቀላሉ ማስረዳት ይቻላል?

ይቻላል፤ ደግሞም ይህን ሳያውቁ መሄድ የጉዞውን ግማሽ ማጣት ስለሆነ ታገሡኝና ትንሽ ልዘርዝረው።

የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ ሳይሆን በዝግታ የሚንቀሳቀሱ ትላልቅ ቁራጮች ስብስብ ነው። በአፋር ሦስት ቁራጮች ይገናኛሉ፦ ኢትዮጵያ አብዛኛው ክፍሏ ያረፈበት የአፍሪካው፣ ወደ ምሥራቅ የሚሸሸው የሶማሌውና ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚርቀው የዓረብ። ሦስቱም እርስ በርስ እየተራራቁ ነው። ቁራጮቹ ሲራራቁ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል፣ መካከሉ ይሰምጣል፤ በስንጥቁም የቀለጠ አለት ከሥር ይወጣል።

በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወለል ላይ እንዲህ ያለ ረጅም ስንጥቅ አለ። ስንጥቁ ወደ ምዕራብ እየገፋ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ በኩል ይገባል፤ ከዚያ ወደ ጉቤት፤ ከጉቤት ቀጥሎ ደግሞ ከባሕር ወጥቶ የብስ ላይ ይታያል። ሌላ ቦታ በሺህ ሜትሮች ውሃ ሥር የሚካሄደው የውቅያኖስ ወለል አፈጣጠር እዚህ በጫማ ተረግጦ የሚታይ ነገር ነው። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ቦታ ጥቂት ነው፤ በስፋት የሚታወቀው ሌላው አይስላንድ ነው።

በአሳል ስምጥ ሁለቱ ዳርቻዎች በዓመት 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን እንቅስቃሴው በየዓመቱ እኩል አይመጣም፤ ለዐሥርት ዓመታት ይጠራቀምና በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይፈታል። ከእኛም አገር ምሳሌ አለ፦ በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ክልል በዳባሁ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሰነጠቀ፤ በአንዳንድ ቦታዎችም እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። የጅቡቲው አርዱኮባም የተወለደው በዚሁ መንገድ ነው።

የሐይቁ ዝቅታ ከዚህ ይመጣል። የስምጡ ወለል ከባሕሩ በታች ሰምጧል፤ ባሕሩ እንዳይገባ የያዘው ደግሞ ያ የላቫ ግድብ ነው። ግድቡ ግን ስንጥቅ የበዛበት ስለሆነ የጉቤት ውሃ በጥቁሩ የላቫ ድንጋይ ውስጥ ሾልኮ፣ በመንገዱ ከሥር ባለው ሙቀት ተግሎ፣ በሐይቁ ዳር እንደ ፍል ውሃ ይወጣል። የገባው ውሃ መውጫ የለውም፤ ፀሐይ ታተነዋለች፤ ጨዉ ይቀራል። ይህ ለብዙ ዘመን ሲደጋገም የሐይቁ ጨዋማነት 35 በመቶ ገደማ ደረሰ፤ ከባሕር ውሃ ዐሥር እጥፍ ማለት ነው።

ዙሪያውን ያሉትን ተዳፋቶች ልብ ብለው ይዩ። ከአሁኑ የውሃ ደረጃ እጅግ ከፍ ብለው ነጣ ያሉ አግዳሚ መሥመሮች ይታያሉ። ከጥቂት ሺህ ዓመታት በፊት በአካባቢው ዝናብ ይበዛ በነበረበት ዘመን አሳል ጨው የሌለበት ትልቅ ሐይቅ ነበር፤ መሥመሮቹ የዚያን ጊዜ ዳርቻ ናቸው።

አርዱኮባ ዳግመኛ ሊፈነዳ ይችላል? እዚያ ስሆንስ?

ይችላል፤ ሕያው ስምጥ ነው። የመጨረሻው ፍንዳታ በጥቅምት 1971 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በኖቬምበር 1978 ነበር፤ ጅቡቲ ነፃነቷን ካገኘች ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላትም። መሬቱ በተከታታይ ተንቀጠቀጠ፣ ስንጥቆች ተከፈቱ፣ ከዚያም ለአንድ ሳምንት ገደማ ላቫ ፈሰሰ። አካባቢው ላይ ቀደም ብለው የመለኪያ ነጥቦች ተተክለው ስለነበር የሆነውን በትክክል ማወቅ ተቻለ፤ የስምጡ ሁለት ዳርቻዎች ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ተራርቀዋል፤ መካከሉም 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወርዷል።

ለአንድ ቀን ጎብኚ ሥጋቱ ትንሽ ነው። እንዲህ ያለ ፍንዳታ ብዙ ጊዜ ከመንቀጥቀጥ በኋላ ስለሚመጣ ማስጠንቀቂያ አለው፤ በአርታ የሚገኘው የመሬት መንቀጥቀጥ መከታተያ ጣቢያም አካባቢውን ይከታተላል። ከጉዞው በፊት ባሉት ቀናት ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ እንደነበረ ከሰሙ ግን ቀኑን ይቀይሩ። በእኛ በኩል ያለው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሲሄድ ዓለም ሁሉ አይቷል። ይህ ምድር ተኝቶ የሚቀር ምድር አይደለም።

“ብቻዬን” ስል ያለ ሹፌርም ማለቴ ነው። መኪና ተከራይቼ ራሴ ብነዳስ?

እኔ አልመክርም። መንዳት ስለሚከብድ አይደለም፤ አስፋልቱ ይነዳል። ችግሩ ከመኪናው ከወረዱ በኋላ ነው። በላቫ ሜዳ ላይ ቁርጭምጭሚቱ የታጠፈበት ወይም ሙቀት ያዞረው ሰው የሚያየው ከሌለ ትንሹ ጉዳት ትልቅ ይሆናል። ከዋናው መንገድ ወጣ ሲሉ ስልክ በየቦታው አይሠራም።

ብቸኝነት ማለት ቀኑን በራስ ልክ መምራት ነው፤ ደስ ያለዎት ቦታ ላይ አንድ ሰዓት ቁጭ ማለት፣ ያልጣመዎትን ማለፍ፣ ከማንም ጋር ወሬ ለመያዝ አለመገደድ። ይህ ሁሉ ሹፌር እያለም ይገኛል። ገና ሲነሡ “ብዙ አላወራም፤ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው” ብለው ይንገሩት፤ ቅር አይለውም። በአርዱኮባ ደግሞ ከአካባቢው አፋሮች አንድ መንገድ መሪ ይያዙ። በየት በኩል ላቫው ጠንካራ እንደሆነ፣ የት ከሥሩ ባዶ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። ለአገልግሎቱ የሚከፈለውም ገንዘብ በዚያ ደረቅ ምድር ለሚኖር ቤተሰብ ትርጉም አለው።

ከመነሣትዎ በፊት የት እንደሚሄዱና በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ለሆቴሉ ወይም ለዘመድ ጽፈው ይተዉ።

በየትኛው ወር ልሂድ?

ከኅዳር እስከ የካቲት። ከግንቦት በኋላ ሙቀቱ እየበረታ ሄዶ በክረምቱ ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ አሳል ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ስላለና ነጩ ጨው ፀሐይን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ከከተማውም ይብሳል። ለወንድምና ለእኅት የሚነገረውን ምክር ልንገራችሁ፦ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ብቻችሁን አትሂዱ።

የቀኑን ቅደም ተከተል እንዴት ላድርገው?

ብዙ ሰው መንገዱ እንዳመጣለት መጀመሪያ ጉቤት፣ ከዚያ ሐይቅ፣ ጊዜ ከተረፈ አርዱኮባ ያደርጋል። በዚህ አካሄድ የእግር ጉዞው በጠራራ ፀሐይ ላይ ይወድቃል። እኔ የምመርጠው ሌላ ነው።

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከከተማ ይውጡ። እስከ ዌአ ከተማ ድረስ ያለው ወደ ኢትዮጵያ የሚወስደው ዋና መንገድ ስለሆነ በጭነት መኪና የተሞላ ነው፤ ሹፌሩን አያጣድፉት። ከዌአ በኋላ ወደ ታጁራ የሚወስደው መንገድ ይገነጠላል፤ የጭነቱም ግፊት ይቀንሳል። ብርሃን ሲሆን ምድሩ መቀየር ይጀምራል፤ ቡናማው ኮረብታ ይጠቁራል፣ ቁጥቋጦው ይሳሳል፣ ከዚያም በድንገት ጉቤት ከታች ይታያል። እዚያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቁሙ፤ ከሰዓት በኋላ ይመለሱበታልና።

ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ አርዱኮባ ይድረሱ። ከፍታው 298 ሜትር ብቻ ስለሆነ አቀበቱ የሚያስፈራ አይደለም፤ የሚፈትነው የሚረገጠው ነገር ነው። አንዳንዱ ላቫ ሲረጋ እንደተጠቀለለ ገመድ ሆኖ ስለቀረ ለእግር ይመቻል፤ አንዳንዱ ደግሞ ተሰባብሮ የተከመረ፣ ጠርዙ ቆዳ የሚልጥ ነው። በገመዱ ዓይነት ላይ ይሂዱ። ስንጥቆቹ ጋ ሲደርሱ ጠርዛቸው ላይ አይቁሙ፤ ከአንድ እርምጃ ኋላ ሆነው ሁለቱን ግድግዳዎች ያስተያዩ። በብዙ ቦታ የግራው ቅርጽ ከቀኙ ጋር ይገጥማል፤ አንድ የነበረው መሬት መለያየቱን ለማመን ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። እዚህ ላይ ብቻ መሆን ይጠቅማል። በቡድን የመጣ ሰው ፎቶ አንሥቶ ያልፋል፤ ብቻውን የመጣ ሰው ግን ቁጭ ብሎ ድንጋዩን በእጁ ዳስሶ፣ ይህ ድንጋይ ከብዙ ጎልማሶች ዕድሜ እንደሚያንስ ያስባል።

ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ለሐይቁ ይሁን። የጠዋቷ ፀሐይ ከምሥራቅ፣ ከበስተኋላዎ ስለምትሆን የውሃው ቀለም የሚጎላው ያን ጊዜ ነው፤ ከዳር ነጭ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ የቀላቀለ፣ ወደ መካከሉ ጥቁር ሰማያዊ። ከ5 ሰዓት ተኩል በኋላ ግን ከዚያ ጉድጓድ ይውጡ።

ቀትሩን በመኪናው ጥላ ምሳ በልተው ካሳለፉ በኋላ ከሰዓቱን ለጉቤት ይስጡት። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስለምትዞር አሁን ባሕሩና በውስጡ ያለችው የሰይጣን ደሴት በደንብ ይታያሉ። ደሴቷ ራሷ ከውሃው ብቅ ያለች የእሳተ ገሞራ አፍ ናት። ጉቤት ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጋር የሚገናኘው በጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ጥልቀቱም 200 ሜትር ይደርሳል። በአካባቢው ስለ ጂኒዎች የሚነገረው ብዙ ነው፤ ውሃው በዚያ መተላለፊያ ሲታገል ላየ ሰው ወሬው ከየት እንደመነጨ አይጠፋውም። ነፋሱም ኃይለኛ ነው፤ 17 የነፋስ ተርባይኖች እዚያ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

10 ሰዓት ላይ ይመለሱ። 12 ሰዓት አካባቢ ይጨልማልና የጭነት መኪናዎቹን መንገድ በብርሃን መጨረስ ይበጃል።

ምን ያህል ውሃ ልያዝ? ሌላስ?

ለራስዎ ብቻ ቢያንስ 6 ሊትር፣ ለሹፌሩ ለብቻው፣ ከዚያ በላይ ደግሞ አንድ ጀሪካን ለመታጠቢያና ለድንገተኛ። የጀሪካኑ ሌላ ጥቅም ከታች ይመጣል። በሐይቁ ዳር ምግብ እሸጣለሁ የሚል ሱቅ አይጠብቁ።

ጫማዎ ወፍራም ሶል ያለውና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ይሁን። ሰፊ ባርኔጣ፣ ጥቁር መነጽር፣ ረጅም እጅጌ ያለው ስስ ልብስ፣ ነጠላ ወይም ሻሽ፣ ለላቫው የሥራ ጓንት፣ የቁስል ፕላስተር፣ የስኳርና የጨው ድብልቅ ዱቄት። ካርታውን ኢንተርኔት ባለበት ስልክዎ ላይ አውርደው ይነሡ።

በአሳል ሐይቅ መዋኘት ይቻላል?

መንሳፈፍ እንጂ መዋኘት አይባልም፤ ውሃው ራሱ ይሸከማል። የሐይቁ ወለል የሰላ የጨው ክሪስታል ስለሆነ በባዶ እግር አይግቡ። ትንሽ ጭረት እንኳ ካለብዎት ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ብቻውን ለሆነ ሰው ከባድ ነው፤ ለጊዜው ማየት ይሳነዋል። ስለዚህ ፊትዎን አይንከሩ፣ ሹፌሩ እያየዎት ይግቡ፣ ወዲያው በንጹሕ ውሃ ይታጠቡ።

በጉቤትስ? ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣስ በዚያው ቀን ማየት እችላለሁ?

በጉቤት ብቻዎን አይዋኙ፤ ጅረቱ ኃይለኛ ነው። በዳርቻው እግር መንከር ይበቃል። ዌል ሻርኮቹ በአብዛኛው ከኅዳር እስከ ጥር በአርታ የባሕር ዳርቻ በኩል ይታያሉ፤ እነሱን ለማየት በጀልባ የሚሄድበት ሌላ ቀን ያስፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ቀን ልጨርስ የሚል ሰው ሁለቱንም በጥድፊያ ያበላሻል።

በመንገዱ ላይ በእግር የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን እንደሚያጋጥሙ ሰምቻለሁ። ምን ላድርግ?

እውነት ነው፤ ይህን ጥያቄ ዘልሎ ስለዚያ መንገድ መጻፍ አይቻልም። ጉብኝት የሚደረግበት ይኸው ምድር በሰሜን ጅቡቲ ወዳለችው የወደብ ከተማ ወደ ኦቦክ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ ወደ የመን ለመድረስ የተነሡ ወጣቶቻችን በእግር የሚያቋርጡት መንገድ ነው። ጥቂት ፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው፣ አንዳንዴም በነጠላ ጫማ፣ በላቫውና በጨው መካከል ያልፋሉ። በጥም የቀሩ አሉ። ከየመን ሲመለሱ የሰጠሙም አሉ፤ በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በኦቦክ ባሕር ዳርቻ በሁለት የጀልባ አደጋዎች ብቻ በደርዘን የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ሞተዋል።

ካገኟቸው ውሃ ይስጧቸው፤ ጀሪካኑን ያስያዝኩዎት ለዚህም ነው። ዳቦ ወይም ቴምር ካለዎት ያካፍሉ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በምትችሉት ቋንቋ ሰላም በሏቸው፤ ስማቸውን ጠርቶ የሚያናግራቸው ሰው ካገኙ ቀናት አልፈው ይሆናል። ፎቶ አታንሷቸው። መኪና ላይ መጫን በሕግ ሊያስጠይቅ ስለሚችል ሹፌሩ እምቢ ቢል አይፍረዱበት፤ የታመመ ወይም የወደቀ ሰው ካለ ግን የመጀመሪያው ኬላ ላይ ቆመው ያስታውቁ። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት በኦቦክ የስደተኞች ማዕከል አለው፤ ወደ አገሩ መመለስ የሚፈልግ ሰው እዚያ እርዳታ መጠየቅ እንደሚችል መንገርም ለአንዳንዱ ሕይወት ነው።

“ለመዝናናት ሄጄ ይህን ማየት ይከብደኛል” የሚሉኝ አሉ። ይከብዳል። ይሁንና ባለመሄዳችን የሚጠቀም አንድም ተጓዥ የለም፤ በመሄዳችን ግን አንድ ጀሪካን ውሃ ይደርሳል።

ሴት ነኝ፤ ብቻዬን ብሄድ ያሳስባል?

ጅቡቲ በዚህ ረገድ ከብዙ ቦታ የተሻለች ናት። ሹፌሩን ከመንገድ ላይ አይያዙ፤ በሆቴሉ ወይም በሚያውቁት ሰው በኩል ይሁን፤ የሹፌሩን ስምና የመኪናውን ታርጋ ለሌላ ሰው ይላኩ። አገሩ የእስልምና አገር ስለሆነ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ፤ ፀሐዩም ቢሆን ይህንኑ ይጠይቃል። በሐይቁ ለመንሳፈፍ ካሰቡ ሙሉ ልብስ ለብሶ መግባት የተለመደ ነው።

ጨው ወይም ድንጋይ ይዤ ልመለስ?

በሐይቁ ዳር አፋሮች የጨው ክሪስታልና በጨው የተለበጡ ጌጦች ይሸጣሉ፤ ከእነሱ ይግዙ። ራስዎ አይስበሩ።

ፎቶ ማንሣት ክልክል የሆነበት ቦታ አለ?

አለ። ወደብ፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ድልድይ፣ ኬላና ማንኛውንም ወታደራዊ ነገር አያንሡ። የብዙ አገሮች ጦር ሰፈር በጅቡቲ ስላለ ጉዳዩን በቁም ነገር ይይዙታል። ሰው ለማንሣት አስቀድመው ይጠይቁ።

ቪዛ፣ ገንዘብ፣ ቋንቋ?

የጅቡቲ መንግሥት በኢንተርኔት ቪዛ ይሰጣል፤ ደንቡ ስለሚቀያየር ከመነሣትዎ በፊት ኤምባሲውን ይጠይቁ። ፓስፖርትዎን ይዘው ይውጡ፤ በኬላዎች ላይ ሊጠየቁ ይችላሉ። የጅቡቲ ፍራንክ ከአሜሪካ ዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንዱ ዶላር 177 ፍራንክ ገደማ። ከከተማ ውጭ በካርድ መክፈል አይታሰብም፤ ዘርዘር ያለ ገንዘብ ይያዙ። መንግሥታዊ ቋንቋዎቹ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው፤ ሕዝቡ ሶማሊኛና አፋርኛ ይናገራል። በከተማው አማርኛ የሚሰማ ሰው ማግኘት ግን አይከብድም፤ አማርኛ የሚችል ሹፌር ፈልጉልኝ ቢሉ ይገኛል።

በባቡር መጥቼ ይህን ማድረግ እችላለሁ?

ይቻላል። ከአዲስ አበባው ፉሪ ለቡ ጣቢያ ተነሥቶ ጅቡቲ ከተማ አጠገብ ያለው ናጋድ ጣቢያ የሚደርሰው መሥመር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጉዞው ራሱ አንድ ሙሉ ቀን ይወስዳል። ባቡሩ በደረሰ ማግስት ሌሊት ወደ አሳል አይነሡ፤ መሀል ላይ አንድ ቀን ይረፉ።

መኪናው በመንገድ ቢበላሽ?

ከመኪናው አይራቁ። ቅርብ የሚመስለው ሁሉ በዚያ ምድር ሩቅ ነው፤ በእግር ልድረስ ብሎ የተነሣ ሰው መኪናው ጋ ሆኖ ከሚጠብቅ ሰው ይልቅ ይጎዳል። የመኪናውን ኮፈን ከፍተው፣ በጥላው በኩል ተቀምጠው፣ ውሃውን በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየጠጡ የሚያልፍ መኪና ያስቁሙ። በታጁራው መንገድ ላይ የጨው ጫኝና የሕዝብ መኪና ያልፋል። ከዌአ ወደ ከተማው ባለው መንገድ ላይ ከሆኑ ደግሞ የኢትዮጵያ ታርጋ ያለው የጭነት መኪና ብዙ ሳይቆይ ይመጣል፤ እጅዎን ከፍ አድርገው በአማርኛ ይጥሩት።